የወደፊት ጊዜ በሚነገረው ዓረብኛና በእንግሊዝኛ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዓረብኛው ቃላት የተጻፉት ሲነገሩ እንደሚሰሙት ነው፤ «ሐ» እና «ዐ» እንደ ትግርኛው ከጉሮሮ ይነበቡ።

«ነገ እሄዳለሁ» በዓረብኛ እንዴት ይባላል?

መልሱ የሚወሰነው በቆሙበት ከተማ ነው። ካይሮ ላይ «ቡክራ ሐሩሕ»፣ ቤይሩት ላይ «ቡክራ ራሕ ሩሕ»፣ ባግዳድ ላይ «ባቺር ራሕ አሩሕ»፣ ዱባይ ላይ «ባቺር ባሩሕ»፣ ካርቱም ላይ «ቡክራ ሐምሺ»፣ ቱኒስ ላይ «ጉድዋ ባሽ ኒምሺ»፣ ካዛብላንካ ላይ ደግሞ «ገዳ ጋዲ ንምሺ» ይባላል። በሁሉም አገር ያለ የተማረ ሰው የሚያውቀው የጽሑፍ ዓረብኛ ግን «ሰአዝሀቡ ገደን» ነው።

ዝርዝሩ ሲታይ ቢያስደነግጥም አሠራሩ አንድ ነው። በሁሉም ዘንድ ዋናው ግሥ ዓረቦች «ሙዷሪዕ» የሚሉት፣ ድርጊቱ ገና እንዳልተፈጸመ የሚያሳየው ቅርጽ ነው። «መሄድ» ለሚለው አንዱ አገር «ራሐ»ን፣ ሌላው «መሻ»ን መምረጡ የቃላት ጉዳይ ሲሆን፣ የወደፊቱን ጊዜ የምታመጣው ከፊት የምትቀመጠው አጭር ቃል ወይም ቅጥያ ናት። ስለዚህ ሙዷሪዑን አንድ ጊዜ በደንብ ያጠና ሰው ወደ አዲስ አገር ሲገባ በቅድሚያ ሊለያት የሚገባው ያቺን አንዲት ቃል ነው።

እንደ አማርኛው «እሄዳለሁ» ግሡ ያለ ቅጥያ ብቻውን አይበቃም?

አማርኛ «በየቀኑ ሥራ እሄዳለሁ» እና «ነገ ሥራ እሄዳለሁ» የሚሉትን በአንድ ቅርጽ ስለሚገልጽ፣ ተማሪው ይህንኑ በዓረብኛ ቢሞክር አያስገርምም። በጥንቱ ዓረብኛም ሙዷሪዕ ለአሁኑም ለሚመጣውም ያገለግል ስለነበር ሙከራው መሠረተ ቢስ አይደለም። ዛሬ ግን በካይሮም ሆነ በቤይሩት ባዶው ግሥ ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል፤ በአማርኛ «ልሂድ»፣ «እንሂድ»፣ «ይሂድ» የምንልበትን ቦታ ይዟል። ካይሮ ላይ «አሩሕ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ልሂድ?» ብሎ ፈቃድ ጠየቀ እንጂ ስለ ነገ ዕቅዱ አልተናገረም፤ «ኒሽረብ ሻይ?» ያለውም «ሻይ እንጠጣ?» ማለቱ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ባዶው ግሥ ከዚህ በተጨማሪ የልማድ ድርጊት መግለጫ ሆኖ ቀርቷል፤ «አሩሕ» ማለት «ዘወትር እሄዳለሁ» ነው። «ነገ» የሚለው ቃል አብሮ ካለ ሰሚው ሐሳቡን መረዳቱ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ቅጥያዋን መጣል ልማድ ከሆነ በኋላ ማረም አስቸጋሪ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ማጥናት ይሻላል።

በመድረሳ የተማርኩት «ሰውፈ» ገበያ ላይ ለምን አይሰማም?

«ሰውፈ» እና አጭሯ «ሰ-» የፉስሓ፣ ማለትም የመጽሐፍ፣ የዜናና የስብከት ዓረብኛ ናቸው። በቁርኣን ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ፤ የዜና አንባቢም ሚኒስትሩ እንደሚደርሱ ሲናገር «ሰየሲሉል ወዚር» ይላል። ልጅ ከእናቱ የሚሰማው የየከተማው ዓረብኛ ግን እነዚህን አይጠቀምም። ለታክሲ ነጂ «ሰውፈ አዝሀቡ» ቢሉት በሚገባ ይረዳዎታል፤ አዋጅ የሚያነብ ሰው የተሳፈረ ሊመስለው ግን ይችላል።

የጥንት የሰዋስው ሊቃውንት በሁለቱ ዝምድና ላይ ተከራክረዋል። በኢራቅ ከነበሩት ሁለት የሰዋስው ትምህርት ማዕከሎች፣ የኩፋ ሊቃውንት «ሰ-» ከ«ሰውፈ» ተቆርጣ የቀረች ናት ሲሉ፣ የባስራ ሊቃውንት ራሷን የቻለች ናት ብለው ሞግተዋል። «ሰ-» ቀረብ ላለ፣ «ሰውፈ» ራቅ ላለ ጊዜ ናት የሚለውም የቆየ ትምህርት ነው፤ በዛሬው ጋዜጣ ግን ይህ ልዩነት ብዙም አይጠበቅም። ከዚሁ ቃል «ተስዊፍ» የሚል ስም ወጥቷል። ትርጉሙ ሥራን በቀጠሮ ማጓተት፣ ማለትም «ሰውፈ፣ ሰውፈ» እያሉ መክረም ነው፤ አማርኛ «ዛሬ ነገ ማለት» የሚለው ማለት ነው።

እንግሊዝኛስ ራሱን የቻለ የወደፊት ግሥ አለው?

በትምህርት ቤት «ፊውቸር ቴንስ» ብለን ስለተማርን ያለው ይመስለናል። ነገር ግን የእንግሊዝኛ ግሥ ራሱ ቅርጹን የሚለውጠው ለአሁንና ለኃላፊ ጊዜ ብቻ ነው፤ «ወርክ» የሚለው «ወርክድ» ይሆናል፣ ለወደፊት የሚሆን ሦስተኛ መልክ ግን የለውም። ስለዚህ «አይ ዊል ጎ» ወይም «አይ አም ጎይንግ ቱ ጎ» እያለ ረዳት ይጠራል። ቀጠሮ ለያዘለት ጉዳይ «አይ አም ሊቪንግ ቱሞሮው»፣ ለጉዞ ሰሌዳም «ዘ ትሬን ሊቭስ አት ናይን» እያለ የአሁኑን ቅርጽ ለወደፊቱ ያውላል።

«ዊል» በጥንቱ እንግሊዝኛ «መሻት፣ መፈለግ» የሚል ትርጉም የነበረው ሙሉ ግሥ ሲሆን፣ «ጎይንግ ቱ» እንደ ቃሉ «መሄድ» ነው። አብዛኞቹ የዓረብኛ ዘዬዎችም የወደፊቱን ጊዜ ያበጁት ከእነዚሁ ከሁለቱ፣ ከመሄድና ከመሻት ነው። ይህ ግን ከእንግሊዝኛ የመጣ ውሰት አይደለም፤ እርስ በርስ የማይገናኙ በርካታ የዓለም ቋንቋዎች በየራሳቸው ጊዜ የሄዱበት መንገድ ነው።

የካይሮው «ሐ-» እና የቤይሩቱ «ራሕ» ከየት መጡ?

ሁለቱም «ራይሕ»፣ ማለትም «በመሄድ ላይ ያለ» ከሚለው ቃል የተገኙ ናቸው። ቀድሞ «ራይሕ አሽረብ» ያለ ሰው ሊጠጣ ተነሥቶ እየሄደ ነበር፤ በጊዜ ብዛት ግን እግሩን ያላነሣውም ሰው ይለው ጀመር፤ ከዚያ በኋላ «ራይሕ» ወደ «ራሕ»፣ በግብፅና በሱዳን ደግሞ ወደ አንዲት «ሐ-» አጠረ። የእንግሊዝኛው «ጎይንግ ቱ» በፈጣን ንግግር «ገና» ወደሚል ድምፅ መቅለጡ የዚሁ ዓይነት ለውጥ ነው፤ ገና ያልሆነውን ነገር «ገና» ማለታቸው ለአማርኛ ጆሮ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

የመጀመሪያው ትርጉም መደብዘዙን «ራሕ ሩሕ» የሚለው አባባል ራሱ ያሳያል። ቃል በቃል ቢወሰድ መሄድ ሁለት ጊዜ ተነግሯል፤ ተናጋሪው ግን ድግግሞሹ አይታወቀውም፣ እንግሊዛዊውም «ጎይንግ ቱ ጎ» ሲል አይታወቀውም። ከዓረብኛ የወጣው የማልታ ቋንቋም በሌላ ግሥ ይህንኑ አድርጓል፤ «ሄያጅ» ማለት የሆነውን «ሴየር» አሳጥሮ «ሴ ኒክተብ» (እጽፋለሁ) ይላል።

ካይሮ ላይ «ባሽረብ» ያለ ሰው እየጠጣ ነው፣ ዱባይ ላይ «ባሽረብ» ያለ ግን ገና ሊጠጣ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

በድምፅ አንድ የሆኑት ሁለቱ «ብ-» በትርጉም የተለያዩ ስለሆኑ ነው። በግብፅ፣ በሊባኖስ፣ በሶርያ፣ በፍልስጤምና በዮርዳኖስ «ብ-» የአሁን ጊዜ ቅጥያ ስትሆን፣ የሚደጋገመውን ወይም በመከናወን ላይ ያለውን ድርጊት ታመለክታለች። በኤምሬቶች፣ በኩዌት፣ በባሕሬን፣ በኳታርና በሪያድ አካባቢ የምትሰማው «ብ-» ግን በአብዛኛው ከ«አቢ» ወይም ከ«አብጋ»፣ ማለትም «እፈልጋለሁ» ከሚለው ቃል የተገኘች ናት ተብሎ ይታመናል፤ «አቢ አሩሕ» የሚለው ተጣብቆ «ባሩሕ» ሆኗል። በዚህ ረገድ የባሕረ ሰላጤው አነጋገር የእንግሊዝኛው «ዊል» ዘመድ ሲሆን፣ የካይሮና የቤይሩቱ ደግሞ የ«ጎይንግ ቱ» ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። ሊብያ ውስጥም «ይቢ» (ይፈልጋል) ከሚለው የወጣች የወደፊት «ብ-» ትሰማለች።

ይህ ልዩነት ለሰዋስው አጥኚ ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር አይደለም። ለብዙ ዓመታት ቤይሩት ሠርታ ወደ ኩዌት ወይም ወደ ዱባይ የተዛወረች ኢትዮጵያዊት ስለ ደመወዟ «ብየዕጢኒ» የሚለውን ቃል ብትሰማ ወይም ብትናገር፣ በቀድሞው አገር «ይሰጠኛል፣ መስጠት ልማዱ ነው» የነበረው በአዲሱ አገር «ወደፊት ይሰጠኛል» ወደሚል ይለወጥባታል። ሁለቱንም በአማርኛ «ይሰጠኛል» ስለምንል ልዩነቱ ይበልጥ ይሰወርብናል፤ ስለ ገንዘብ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ብቻ እንኳ ሁለቱም ይገኛሉ። ጅዳና መካ እንደ ግብፅ «ሐ-»ን ለወደፊት፣ «ብ-»ን በመከናወን ላይ ላለ ድርጊት ሲጠቀሙ፣ ሪያድ ደግሞ «ብ-»ን ለወደፊት ትጠቀማለች። የየመኗ ሰንዓ ከሁሉም ተለይታ «ዐ-» እና «ሸ-» የሚሉ የራሷ ቅጥያዎች አሏት። ከደቡብ ሱዳን ሰዎች ጋር የሚነጋገር የጋምቤላ ሰውም የጁባ ዓረብኛ «ቢ»ን ለወደፊት እንደሚያደርጋት ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ «አና ቢ ሩዋ» ማለት «እሄዳለሁ» ሲሆን፣ «አና ጊ ሩዋ» ማለት «እየሄድኩ ነው» ነው።

ቅጥያዋ ለወንድ፣ ለሴትና ለብዙ ትለወጣለች?

«ሐ-»፣ «ራሕ» እና «ብ-» አይለወጡም፤ የሚለወጠው ግሡ ነው። በካይሮ «ሐሽረብ» (እጠጣለሁ)፣ «ሐቲሽረብ» (ትጠጣለህ)፣ «ሐቲሽረቢ» (ትጠጫለሽ)፣ «ሐይሽረብ» (ይጠጣል)፣ «ሐኒሽረብ» (እንጠጣለን) እየተባለ ይሄዳል። «ራይሕ» በሙሉ ቅርጹ ሲነገር ግን ጾታንና ቁጥርን ይከተላል፤ ሴት «ራይሐ»፣ ብዙዎች «ራይሒን» ይላሉ። እንግሊዝኛ በዚህ በኩል ቀላል ነው፤ «ዊል» ለማንም አይለወጥም።

በብዛት የሚሠራው ስህተት ሁለት ቅጥያዎችን መደራረብ ነው። ካይሮና ቤይሩት ላይ የአሁኑን «ባሽረብ» የለመደ ተማሪ «ራሕ ባሽረብ» ወይም «ሐባሽረብ» ይላል፤ ይህ ስህተት ነው። የወደፊቷ ቃል ስትገባ «ብ-» ትወጣለች፤ «ሐሽረብ»፣ «ራሕ አሽረብ» ብቻ ነው።

የእንግሊዝኛው የ«ዊል» እና የ«ጎይንግ ቱ» ልዩነት በዓረብኛ አለ?

የእንግሊዝኛ መማሪያዎች አስቀድሞ ለታቀደ ወይም ምልክቱ ለሚታይ ነገር «ጎይንግ ቱ»፣ እየተነጋገሩ ለተወሰነና ለቃል ኪዳን «ዊል» ብለው ይለያሉ። የካይሮዋ «ሐ-» ሁለቱንም ያለ ልዩነት ትሸፍናለች። በቤይሩትና በደማስቆ ግን የሚመሳሰል ክፍፍል ይታያል፤ «ራሕ» ወደ ዕቅድና ወደ ማይቀር ነገር ስታዘነብል፣ ለግብዣ፣ ለስንብትና ለቃል ኪዳን የአሁኗ «ብ-» ብዙ ጊዜ ትበቃለች። ወዳጅዎ ተለይቶዎት ሲሄድ «ብሹፈክ ቡክራ» ቢልዎ «ነገ አገኝሃለሁ» ማለቱ ነው፣ እንግሊዛዊው «ዊል» በሚልበት ቦታ። በባሕረ ሰላጤውም «ራሕ» ትሰማለች፤ እዚያ «ብ-» ከመሻት የመጣች በመሆኗ ወደ ተናጋሪው ሐሳብና ውሳኔ ስታዘነብል፣ «ራሕ» ነገሩ መሆኑን ብቻ ትናገራለች። ይህ ዝንባሌ እንጂ ጥብቅ ሕግ አይደለም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ የሚቀለው መለኪያ በራሱ ቋንቋ ውስጥ ያለው ነው። ደመናውን አይተን «ሊዘንብ ነው» የምንለው «ጎይንግ ቱ»ን፣ «ግድ የለም፣ እኔ አመጣዋለሁ» የምንለው ደግሞ «ዊል»ን በአብዛኛው ይተካል። መማሪያ መጽሐፎቻችን ሁለቱንም በ«-አለሁ» ብቻ እየተረጎሙ «ልሄድ ነው» የሚለውን መዝለላቸው፣ በእኔ አስተያየት፣ ለተማሪው ትምህርቱን ያለ ምክንያት ያከብድበታል።

ሰው ሲጠራኝ «መጣሁ!» እላለሁ። በዓረብኛስ?

አማርኛ እዚህ ላይ ድርጊቱ ሳይፈጸም የኃላፊ ጊዜ ይጠቀማል። እንግሊዝኛ «ኮሚንግ» ሲል፣ ዓረብኛ ደግሞ የአድራጊውን ስም፣ ማለትም «ኢስሙል ፋዒል» የሚባለውን ያመጣል፤ ቤይሩት ላይ «ጃይ»፣ ካይሮ ላይ «ጋይ» ይባላል፣ ሴት ስትሆን «ጃየ» እና «ጋያ» ትላለች። «አና ሙሳፊር ቡክራ» ማለትም «ነገ ተጓዥ ነኝ» ሲሆን፣ እንግሊዛዊው «አይ አም ትራቭሊንግ ቱሞሮው» ከሚለው ጋር በአሠራሩም በትርጉሙም በጣም ይቀራረባል። ቲኬቱ ተቆርጧል፣ ሻንጣው ታስሯል የሚል ስሜት ስላለው ከ«ሐሳፊር» ይልቅ እርግጠኛ ነው። ይህ አነጋገር ጥንታዊ መሠረት አለው፤ በቁርኣን 18ኛው ምዕራፍ፣ 23ኛው አንቀጽ «ነገ ይህን አድራጊ ነኝ አትበል» የሚለው ቃል የወደፊቱን ጊዜ የገለጸው በዚሁ በ«ፋዒል» ቅርጽ ነው።

በሚነገረው ዓረብኛ ግን ዘዴው በነፃነት የሚሠራው መሄድን፣ መምጣትን፣ መጓዝን፣ መመለስን፣ መውረድን ለመሳሰሉ የእንቅስቃሴ ግሦች ነው። ያንኑ ተከትሎ ካይሮ ላይ «አና ዋኪል» ያለ ሰው «ልበላ ነው» ያለ ቢመስለውም፣ ሰሚው የሚረዳው «በልቻለሁ» ብሎ ነው። ግብዣ ላይ ይህን የተናገረ እንግዳ ሳህኑ ባዶ ቢቀር ጥፋቱ የጋባዡ አይደለም።

«አልሄድም» ለማለት የትኛውን አሉታ ልጠቀም?

ካይሮ «ሚሽ ሐሩሕ»፣ ቤይሩት «ማ ራሕ ሩሕ»፣ ባግዳድ «ማ ራሕ አሩሕ»፣ ባሕረ ሰላጤው «ማ ባሩሕ» ወይም «ማ ራሕ አሩሕ»፣ ካርቱም «ማ ሐምሺ»፣ ካዛብላንካ «ማ ጋዲሽ ንምሺ» ይላሉ። ካይሮ ላይ የአሁኑ ግሥ «ማባሩሕሽ» ተብሎ ከፊትና ከኋላ ሲታጠር፣ የወደፊቱ ግን «ሚሽ»ን ከፊት ብቻ መውሰዱን ልብ ይሏል።

የጽሑፍ ዓረብኛ ፈጽሞ ሌላ መንገድ ይከተላል፤ «ሰ-» ትወጣና «ለን» የምትባል የወደፊት አሉታ ትገባለች፣ ግሡም መጨረሻውን ይለውጣል፤ «ለን አዝሀበ»። የእንግሊዝኛው «ዎንት» እንደ አማርኛው «አልሄድም» እምቢታንም ያዝላል፤ ዓረብኛም ድምፅን ጠንከር አድርጎ ይህንኑ ይገልጻል።

የሞሮኮና የቱኒዝያ አነጋገር ለምን ፈጽሞ የተለየ ሆነ?

የሞሮኮው «ጋዲ» ልዩነቱ በቃሉ እንጂ በሐሳቡ አይደለም፤ እርሱም «ሄያጅ» ማለት ነው፣ ሲያጥርም «ገ-» ይሆናል፤ «ገንምሺ»። ምሥራቁን ዓረብኛ የለመደ ጆሮ የሚስተው በሌላ ነገር ነው። በሰሜን አፍሪካ «ን-» የ«እኔ» ምልክት ስለሆነች «ጋዲ ንምሺ» ማለት «እሄዳለሁ» ነው፣ ካይሮ ላይ ግን «ኒምሺ» የሚለው «እኛ» ነው።

የቱኒስ «ባሽ» ደግሞ ከመሄድም ከመሻትም ያልመጣች በመሆኗ የበለጠ ትኩረት ይገባታል። መነሻዋ «እንድ... ዘንድ» የሚል የዓላማ ቃል ነው፤ በሞሮኮና በአልጄሪያ እስከ ዛሬ ይህን ትርጉም ይዛለች። ስለዚህ «ባሽ ንምሺ» ካዛብላንካ ላይ «እሄድ ዘንድ» ሲሆን፣ ቱኒስ ላይ «ባሽ ኒምሺ» ማለት «ልሄድ ነው፣ እሄዳለሁ» ነው። ከዓላማ ወደ ወደፊት ጊዜ የተደረገው ይህ ሽግግር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «ዳቦ ልገዛ ወጣሁ» ስንል «ል-» ዓላማን ትናገራለች፤ «ዳቦ ልገዛ ነው» ስንል ደግሞ ያቺው «ል-» የሚመጣውን ጊዜ ትናገራለች። አማርኛና የቱኒስ ዓረብኛ ሳይማከሩ አንድ በር የከፈቱ ይመስላሉ።

ባሕረ ሰላጤው ላይ «አና ሩሕ ቡክራ» እያልኩ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ሁሉም ይረዳኛል። ስህተት ነው?

ይህ የቋንቋ አጥኚዎች የባሕረ ሰላጤ ፒጂን ዓረብኛ ብለው የሚያጠኑት፣ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሠራተኞች እርስ በርሳቸውና ከአሠሪዎቻቸው ጋር ለመግባባት ያበጁት አነጋገር ነው። በእርሱ ውስጥ ግሡ ለማንም አይለወጥም፣ የወደፊት ቅጥያም የለውም፤ ጊዜው የሚታወቀው «ቡክራ» እና «በዕዴን» (በኋላ) በሚሉ ቃላት ነው። አሠሪዎችም ሠራተኛን ሲያናግሩ ይህንኑ ስለሚጠቀሙ፣ በቤቱ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው እንኳ «ባሩሕ»ን ሳይማር ሊቀር ይችላል። ጉድለቱ የሠራተኛው ስንፍና ተደርጎ መታየት የለበትም።

ለዕለት ሥራ ይበቃል። ስለ ውል፣ ስለ ደመወዝ ቀንና ስለ ቲኬት በሚነጋገሩበት ጊዜ ግን «ሰጠ»፣ «ይሰጣል» እና «ሊሰጥ ነው» ተለይተው መነገር አለባቸውና፣ ቢያንስ «ብ-»ን እና «ራሕ»ን መጨመር ድካሙን የሚክስ ነው።

«ኢንሻአላህ» የወደፊት ጊዜ ቃል ናት?

በሰዋስው ደረጃ አይደለችም፤ «አላህ ከፈቀደ» የምትል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ናት፣ ከላይ ከጠቀስነው የቁርኣን አንቀጽ ቀጥሎ ያለውም ስለ ነገ ሲነገር እንድትጨመር ያዝዛል። በአጠቃቀም ግን ከወደፊት ግሥ ጋር እጅግ ስለተቆራኘች፣ ስለ ነገ ያለ እርሷ መናገር ለብዙ ሰሚ ድፍረት ይመስላል። ክርስቲያን ዓረቦችም ይሏታል። ለጥያቄ ብቻዋን መልስ ሆና ስትመጣ «አዎ» መሆኗን ወይም የጨዋ ሰው «አይሆንም» መሆኗን የሚለየው ድምፁና ፊቱ ነው፤ አማርኛም «እግዜር ካለ» ሲል ይህንኑ ችግር ያውቀዋል።

«ሲመጣ» እና «ከመጣ» በሚሉት ውስጥ የወደፊት ቅጥያ ይገባል?

አይገባም፤ ሦስቱም ቋንቋዎች በዚህ ይስማማሉ። «ሲመጣ አነጋግረዋለሁ» በካይሮ «ለማ ዪጊ ሐከሊሙ» ነው፤ «ሐ-» በሁለተኛው ግሥ ላይ ብቻ ናት። በእንግሊዝኛም «ዌን ሂ ከምስ» እንጂ «ዌን ሂ ዊል ከም» አይባልም፤ መምህራን ደጋግመው የሚያርሙት ይህ ስህተት ለአማርኛ ተናጋሪ ሊከብደው አይገባም ነበር፣ የራሱ ቋንቋ «ሲመጣ» ብሎ ነገሩን ጨርሶታልና።

«ከመጣ» ላይ ግን መንገዱ ይለያያል። ካይሮ «ኢዛ ጌህ ሐከሊሙ» ስትል «ጌህ» የኃላፊ ግሥ ነው፤ «መጣ» ማለት ነው። አማርኛም «ከመጣ» ብሎ የኃላፊውን ቅርጽ ያስገባል። እንግሊዝኛ ብቻ «ኢፍ ሂ ከምስ» ብሎ በአሁኑ ይቀጥላል። ስለዚህ ወደ ዓረብኛ የሚሻገር ሰው እዚህ ላይ እንግሊዝኛውን ትቶ አማርኛውን ቢከተል ያተርፋል።

«ልሄድ ነበር» እንዴት ይባላል?

የወደፊቷን ቃል ሳይነኩ ከፊቷ «ነበርኩ» የሚለውን በማስቀመጥ ይሠራል፤ ካይሮ «ኩንት ሐሩሕ»፣ ቤይሩት «ኪንት ራሕ ሩሕ»፣ ካዛብላንካ «ኩንት ጋዲ ንምሺ» ይላሉ። እንግሊዝኛው «አይ ወዝ ጎይንግ ቱ ጎ» አንድ ለአንድ ይገጥማል። በሦስቱም ቋንቋዎች ሰሚው «ግን ምን ሆነ?» ብሎ ይጠብቃል፤ ያልተፈጸመ ሐሳብ መሆኑን ቅርጹ ራሱ ይጠቁማልና።

የወደፊት ቅርጽ ስለ ወደፊት ላልሆነ ነገር ይነገራል?

ይነገራል፤ ብዙዎች ግራ የሚጋቡትም እዚህ ላይ ነው። እንግሊዛዊ በሩ ሲንኳኳ «ዛት ዊል ቢ ዘ ፖስትማን» ቢል፣ ፖስተኛው ወደፊት ይመጣል ማለቱ ሳይሆን አሁን በር ላይ ያለው እርሱ ይሆናል ብሎ መገመቱ ነው። ካይሮ ላይም «ሐይኩን ፌን የዕኒ?» ቢባል «የት ሊሆን ይችላል?» ማለት ነው፣ የተጠየቀው ስለ አሁኑ ነው። የአማርኛው «ቤት ይሆናል» የሚሠራው ሥራም ይኸው ነው።

ያለፈውን መገመት ሲሆን ግን መንገዶቹ ይለያያሉ። እንግሊዝኛ «ሂ ዊል ሃቭ አራይቭድ ባይ ናው» ብሎ በወደፊቱ ረዳት ይገምታል። ካይሮ በዚህ ቦታ «ሐ-»ን አትፈልግም፤ «ዘማኑ ወሰል» ትላለች፣ «ዘማን» ጊዜ ሲሆን ግሡም ተራ የኃላፊ ግሥ ነው። አማርኛ «ይኼኔ ደርሷል» ብሎ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለካይሮው ይቀርባል። ድርጊቱ ከአንድ የወደፊት ሰዓት በፊት እንደሚያልቅ ለመግለጽ ደግሞ ካይሮ «ሐኩን ኸለስት» ትላለች፤ «ሐኩን» «እሆናለሁ»፣ «ኸለስት» «ጨረስኩ» ሲሆን፣ እኛ «እስከዚያ ጨርሼ እጠብቅሃለሁ» የምንልበት ቦታ ነው።